«ግንኙነት አንድ» ተብሎ በጨዋነት ስለተሰየመው ትምህርት

ለተከበሩ ዶክተር ፀሐዩ
ከቀላል ባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ ወረድ ብሎ የሚገኘው የግል ጤና ኮሌጅ ቅርንጫፍ ዲን
ቃሊቲ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? የከባድ መኪናው አቧራ ዓይንዎን እንዳያስለቅሰው፣ የቢሮዎ ደረጃ ጉልበትዎን እንዳይፈትነው፣ ስብሰባ የማያልቅበት ወገብዎም እንዲጠናልዎ ከልብ እመኛለሁ። ስለ ስብሰባው ያወቅሁት ጸሐፊዎ ነግራኝ ነው። መጀመሪያ ላነጋግርዎ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ተመልሼ ስመጣም ከዚያው ስብሰባ አልወጡም ነበር፤ በመጨረሻ የመጣሁ ዕለት ደግሞ በስብሰባው መካከል ብቻዎን በመስኮት ቆመው ሲመለከቱኝ አይቼ፣ ከግቢው በር ላይ እጅ ነስቼ ተመልሻለሁ። በአካል መጥቼ ላስቸግርዎ እንደማይገባኝ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ይህንን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩትም ሰው ሁሉ ካነበበው ምናልባት አንዱ ለእርስዎ ያነብልዎት ይሆናል በሚል ተስፋ ነው።

እኔ ያለምወርቅ ሳህሌ እባላለሁ። አቃቂ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የሰፈሩ ልጆች አሁንም «ቲቸር» ይሉኛል። ስለ ሰው ልጅ የመራቢያ አካላት የሚናገረው ምዕራፍ ሲደርስ «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብለው ወደሚቀጥለው የሚሻገሩ ባልደረቦች ነበሩኝ፤ እኔ አልተሻገርኩትም። ቃላቱን ሰሌዳው ላይ እጽፍና ክፍሉ በአንድ ድምፅ እንዲያነባቸው አደርግ ነበር። መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። ሳቅ እንደ ማንኛውም ነገር ያልቃል፤ ሲያልቅ ትምህርቱ ይጀምራል።

ከኮሌጅዎ ጋር ያገናኘኝ («ማገናኘት» በእርስዎ ግቢ በጥንቃቄ የሚነገር ቃል መሆኑን አውቃለሁ) ጉዳይ የሚከተለው ነው። የጎረቤቴ የባለሱቁ የአቶ ረሻድ ልጅ ፊርዶስ፣ ሃያ ዓመት ያለፋት፣ በኮሌጅዎ አዋላጅ ነርስ ለመሆን የምትማር ወጣት ናት። ፊርዶስ በፈተና ላይ ትክክለኛ መልስ በመጻፏ ምክንያት ስሟ በሰፈሩ ጠፍቷል። አባቷም ከትምህርቷ አስቀርተው ወራቤ ወዳለው አጎቷ ሊልኳት ሻንጣዋን አሳስረዋል። ጓደኞቿ ጤና ጣቢያ ለተግባር ልምምድ ሲመደቡ እሷ አውቶቡስ ትጠብቃለች ማለት ነው። ትክክለኛ መልስ ይህን ያህል ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል በማስተማር ዘመኔ ስላላጋጠመኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ በቅደም ተከተል እንዳቀርብልዎ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ የስሙ ነገር።

ከዋናው ግቢ የመጣው ሥርዓተ ትምህርት ትምህርቱን «የሰው ልጅ ጾታዊ ሕይወት፦ መግቢያ» ይለዋል። ይህ ስም ወላጅና መንገደኛ በሚያየው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊለጠፍ አይገባም ብለው በማሰብዎ፣ እርስዎ ራስዎ «ግንኙነት አንድ» ብለው እንዳሳጠሩት ሰምቻለሁ። ስለ ጨዋነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሆኖም አማርኛችን ለዚህ ቃል ብዙ ሥራ ሰጥቶታል፤ አገር ከአገር ይገናኛል፣ ስልክ ከስልክ ይገናኛል፣ መሥሪያ ቤት ከሕዝብ ይገናኛል፣ ባልና ሚስትም ይገናኛሉ። አንድን ነገር ለመደበቅ ሲፈልጉ፣ ከቋንቋው ሁሉ መካከል ሰሚው አስቀድሞ ያንኑ ነገር የሚያስብበትን ቃል መምረጥ ለሁሉም ሰው የሚሰጥ ተሰጥኦ አይደለም። «አንድ» የሚለው ቁጥርም አሳስቦኛል። ተማሪዎቹ ሰሌዳው ሥር ቆመው፣ ግንኙነት ሁለትን ለመውሰድ ግንኙነት አንድን ማለፍ ግዴታ ነው ወይ እየተባባሉ ይሳሳቁ እንደነበር በሩ ላይ ያለው ጥበቃዎ ሊመሰክር ይችላል።

ሁለተኛ፤ የመምህሩ ነገር።

ሬጅስትራርዎ መምህር የሚመድቡት የትምህርቱን ስም አይተው ነው፤ ይህም የሚያስመሰግን አሠራር ነው። «ግንኙነት» የሚለውን ስም ሲያዩ፣ በትርፍ ሰዓት ከሚያስተምሩት መካከል በግንኙነት ሥራ ልምድ ያለውን ሰው ፈለጉ፤ አቶ ቀናውንም አገኙ። አቶ ቀናው በአንድ ፋብሪካ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሆነው ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ፣ ክራባታቸው የማይላላ፣ ክፍል የማያረፍዱ ሰው ናቸው። በእሳቸው ላይ አንዳችም ቅሬታ የለኝም። የሚያውቁትን አስተማሩ፤ እናቶችን ሊያዋልዱ የተቀመጡ ወጣቶችም የተባሉትን ጻፉ።

ፊርዶስ ደብተሯን ይዛ ወደ እኔ የመጣችው ፈተናው ሲቃረብ ነው። የጻፈችውን እንዳለ ልጥቀስልዎ፤ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። «ጥሩ ግንኙነት በዕቅድ ይጀምራል።» «ግንኙነት ከመጀመሩ በፊት ባለድርሻ አካላትን መለየት ያስፈልጋል።» «በግንኙነት መካከል ችግር ከተፈጠረ ሳይዘገዩ መግለጫ መስጠት።» «ግንኙነቱ እንዳበቃ ግብረ መልስ መሰብሰብ።» ከታች ደግሞ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት «የተሳካ ግንኙነት መገናኛ ብዙኃንን ያሳተፈ ነው» ይላል። መነጽሬን አውልቄ፣ ጠርጌ፣ እንደገና አነበብኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ስትጽፍ ምንም አልመሰላት እንደሆነ ጠየቅኋት። እሷም፣ መምህሩ ጨዋ ሰው ስለሆኑ በምሳሌ እያስተማሩን ነው ብለው ከጓደኞቿ ጋር መስማማታቸውን ነገረችኝ። አንዷ ተማሪ እንዲያውም፣ ባለድርሻ አካላት የተባሉት የሙሽራውና የሙሽሪት ወላጆች ናቸው ብላ ለክፍሉ አብራርታ ነበር አለች።

አቶ ቀናውን በኋላ ታክሲ ሰልፍ ላይ አግኝቻቸው በአክብሮት ጠየቅኋቸው። ለካ እሳቸውም ገና ከጅምሩ ግራ ገብቷቸው፣ ይህ ትምህርት ለአዋላጅ ነርስ ምን ያደርግላታል ብለው ሬጅስትራሩን ጠይቀው ኖሯል። ሬጅስትራሩ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ «ርዕሱ ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን፣ እንደሚመችዎ አድርገው ያስተምሩ» ብለው አሰናበቷቸው። አቶ ቀናውም የታወቀውን ነገር ደግሞ መጠየቅ ነውር ስለመሰላቸው እንደተመቻቸው አስተማሩ።

ጥርጣሬዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የማያውቅ ሰው የጠያቂውን ፊት ያያል፤ ጣሪያ የሚያየው የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰው በኮሌጅዎ ውስጥ፣ ትምህርቱ ምን እንደሆነ፣ መምህሩም ያንን እያስተማሩ እንዳልሆነ፣ ገና ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ሳያጋምሱ ያውቅ ነበር። ለማረም የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ብቻ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ግን ያንን ቃል ሳይጠሩ የሚነገር አልነበረም።

ሦስተኛ፤ የፈተናው ነገር።

ፊርዶስን እኔ አስተማርኳት። ይህን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከራሴ ይስሙት። ትክክለኛውን መማሪያ ዋናው ግቢ ከምትማር ጓደኛዋ በስልኳ አስላከች። በረንዳዬ ላይ፣ በሩ ወደ መንገድ እንደተከፈተ፣ ከጉርምስና ለውጦች ጀምረን የወር አበባን፣ እርግዝና እንዴት እንደሚፈጠርና እንዴት እንደሚከለከል፣ በግብረ ሥጋ የሚተላለፉ በሽታዎችን፣ ደግሞም አንድ ሰው ፈቃዱን እንዴት እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚነሳ፣ አንድ በአንድ አየን። እኔ እቀመጣለሁ፤ እሷ ቆማ ታስረዳኛለች። በመጀመሪያው ቀን ድምፅዋ ከነጠላዋ ሥር ነበር የሚወጣው፤ በመጨረሻው ቀን ግን በመንገዱ የሚያልፈው ጋሪ ነጂ ቆሞ አዳመጣትና፣ «እቺ ልጅ ሐኪም ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ልትሆን ነው አልኩት።

ፈተናው የመጣው እንደ ሥርዓቱ ከዋናው ግቢ ነው፤ ስለዚህ ፈተናው ትክክለኛውን ነገር ጠየቀ። ተማሪዎቹም የተማሩትን መለሱ። የእርግዝና መከላከያ ዘዴዎችን አብራሩ ለተባለው፣ አስቀድሞ በቂ መግለጫ ማውጣት ብለው የጻፉ አሉ። የአባላዘር በሽታ እንዳይስፋፋ ምን መደረግ አለበት ለሚለው ደግሞ አንዱ ተማሪ ቃል አቀባይ መሰየም የሚል መልስ እንደሰጠ ሰምቻለሁ። ይህ ልጅ ነገ ጤና ጣቢያ ይመደባል።

ፊርዶስ ብቻዋን ትክክለኛውን ጻፈች። የሥነ ሥርዓት ኮሚቴዎም ብቻዋን ከሰሳት። ክሱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ኩረጃ ነው፤ ሌላው ሁሉ የወደቀበትን ፈተና አንዲት ተማሪ ብቻዋን ልታልፍ አትችልም የሚል ነው። እኔ ብዙ ኮራጅ ይዣለሁ፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ባለሥልጣናት ናቸው። ኮራጅ ግን ሁልጊዜ አጠገቡ ካለው ሰው ነው የሚገለብጠው። በቀኟ የተቀመጠችው ስለ መግለጫ፣ በግራዋ የተቀመጠው ስለ ቃል አቀባይ እየጻፉ ሳለ፣ ፊርዶስ ማኅፀንን ከየትኛው ወረቀት እንደገለበጠች ኮሚቴው ቢያስረዳኝ በአክብሮት እማራለሁ።

ሁለተኛው ክስ ብልግና ነው፤ መልሷ ውስጥ «ብልት» የሚል ቃል ስለተገኘ ነው። ክቡር ዲን፣ ብልት በአማርኛ የአካል ክፍል ማለት ነው። በዓል በመጣ ቁጥር በየቤቱ የዶሮ ብልት በልጆችና በእንግዶች ፊት ይቆጠራል፤ አንዱ ቢጎድል ባለቤቲቱ ትታማለች እንጂ በብልግና ተከሳ አላየሁም። ኮሚቴዎ ለዶሮ የፈቀደውን ለሰው ከልክሏል። ከዚህ የጨዋ ቃል የሚሻል ካለም ኮሚቴው በጽሑፍ ይስጠን፤ እኔ ስፈልግ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፣ አላገኘሁም።

አራተኛ፤ የስልኩ ነገር።

ከሁሉ የከፋው ይህ ስለሆነ በእርጋታ እጽፈዋለሁ።

ከኮሌጅዎ ለአቶ ረሻድ የተደወለው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። አቶ ረሻድ ስኳር እየመዘኑ ነበር፤ እጃቸው ስላልተመቻቸው ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍተው ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጡት። ሱቃቸው ደግሞ፣ እንደሚያውቁት፣ ማረሚያ ቤት ሰው ለመጠየቅ የሚሄደው ሁሉ ስኳርና ሳሙና ገዝቶ የሚያልፍበት ነው፤ ቅዳሜ ዕለት መቆሚያ የለውም። እኔም ክብሪት ልገዛ ሰልፉ ላይ ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የኮሌጅዎ ድምፅ በጸሐፊዎ አፍ ጥርት ብሎ እንዲህ አለ፦ «አቶ ረሻድ ነዎት? ልጅዎ ፊርዶስ ግንኙነት ላይ ተይዛለችና ሰኞ መጥተው ያነጋግሩን።» ከዚያ ተዘጋ።

በኮሌጅዎ ቋንቋ ይህ ማለት ግንኙነት አንድ በተባለው ትምህርት ፈተና ላይ በኩረጃ ተጠረጠረች ማለት ነው። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ግን የኮሌጅዎን ቋንቋ አልተማረም። ከሩቅ የመጣች አንዲት የታራሚ ሚስት «ተይዛለች» የሚለውን ብቻ ሰምታ፣ እንደ ባለልምድ እናት፣ «አይዞዎት አባቴ፣ የሴቶቹ በር በወዲያ በኩል ነው፤ ስንቅ ሲያስገቡ ወጡን ለብቻው ያድርጉት» ብላ መከረቻቸው። እሷ ከሁሉም ደግ ነበረች። ሌሎቹ «ግንኙነት ላይ» የሚለውንም ሰምተዋልና፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው አንድ በአንድ ወጡ። ጎረቤታችን ሐጀራ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። አቶ ረሻድ በሚዛኑ ላይ የነበረውን ስኳር ወደ ጆንያው መለሱና በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘጉ። ለጁምዓ ሶላት ካልሆነ በቀር በቀን ሲዘጋ አይቼው አላውቅም።

እኔም ላስረዳ ቤታቸው ሄድኩ፤ ደግሜም ሄድኩ። ፊርዶስን ከጓሮ ክፍል አገኘኋት። ላስረዳው ሞክሬ ነበር አለችኝ። «አባዬ፣ ግንኙነት እኮ ትምህርት ነው ስለው፣ ማነው ያስተማረሽ አለኝ።» አባቷ ደግሞ እኔን ሳያስቀይሙ፣ ዓይኔንም ሳያዩ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ልጄን ስለሚወዷት ነው። የደወለው አፍ ራሱ ይመለስና ይንገረኝ» አሉ። ስህተት ያለበትን ቦታ እንዲህ በትክክል ያመለከተ ሰው በዚህ ጉዳይ ውስጥ እስካሁን አላገኘሁም።

አምስተኛ፤ የማብራሪያው ነገር።

በመምህርነት ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ሁለት ተማሪዎች ሳይተያዩ አንድ ዓይነት ትክክለኛ መልስ ሊጽፉ ይችላሉ፤ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ግን ሁልጊዜ ከአንድ ደብተር ነው የሚወጣው። ጸሐፊዎን ስለ ስልኩ ስጠይቃት፣ «ከሲስተሙ ጋር የተያያዘ ጊዜያዊ መንሸራተት ነው» አለችኝ። እንግዳ አባባል ነውና ያዝኩት። ሬጅስትራሩ ዘንድ ሄጄ ስለ መምህሩ ምደባ ስጠይቃቸው፣ ከሲስተሙ ጋር የተያያዘ ጊዜያዊ መንሸራተት መሆኑን ነገሩኝ። ስወጣ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ፣ ምንም ሳልጠይቀው፣ ፊቴን አይቶ አዘነና፣ «እማማ፣ አይዘኑ፤ ከሲስተሙ ጋር የተያያዘ ጊዜያዊ መንሸራተት ነው እኮ» አለኝ። ይህ ሰው መዝጊያ የሚከፍት ሰው ነው። ስለ ሲስተም ማን ነገረው? ይህችን ቃል ለጥበቃ ሳይቀር ያስጠና ማነው? አንድ ኮሌጅ ትምህርቱን ለተማሪዎቹ ያላስጠናውን ያህል፣ ሰበቡን ለሠራተኞቹ ማስጠናቱ የሚደነቅ ነው።

ስለዚህ የምጠረጥረውን እጽፋለሁ፤ ከተሳሳትኩ በቀይ ያርሙኝ። በዚያ ፈተና ክፍል ውስጥ ትምህርቱ ምን መሆን እንደነበረበት የሚመሰክረው ወረቀት የፊርዶስ ብቻ ነው። የእሷ መልስ ትክክል ነው ከተባለ፣ የሌሎቹ ሁሉ ትምህርት ከንቱ ነበር ማለት ነው፤ እንደገና ማስተማር፣ መምህር መፈለግ፣ ለዋናው ግቢም የሆነውን መናገር ይመጣል። ፊርዶስ በኩረጃና በብልግና ከተባረረች ግን ወረቀቷም አብሯት ይሄዳል፤ ፈተናው በጸጥታ ይሰረዛል፤ ሁሉም ያልፋል። ወራቤ የሄደች ልጅ ይግባኝ አትልም። ይህን ያሰበው ሰው እርስዎ ነዎት አላልኩም። ሰሌዳው ላይ ስም ለመቀየር የፈጠነው እጅ፣ ስልክ አንሥቶ አንድን አባት ይቅርታ ለመጠየቅ ለምን እንደዘገየ ብቻ ነው የማስበው።

እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብ። ብዙ አይደለም። የፊታችን ቅዳሜ ረፋድ፣ ሱቁ ሲሞላ፣ በዚያው ቁጥር ይደውሉ። ጸሐፊዎ ሳትሆን እርስዎ ራስዎ ይናገሩ። የሚሉትንም ለድካምዎ አስቤ አዘጋጅቼልዎታለሁ፦ «ልጅዎ ፊርዶስ የሰው ልጅ ጾታዊ ሕይወት መግቢያ በተባለው ትምህርት ፈተና ላይ ጥያቄዎቹን በትክክል መልሳለች። አንዳች ነውር አልሠራችም። ስህተቱ የኮሌጁ ነው።» ሙሉ ስሙን ሳያሳጥሩ ይበሉት። ቃሉ ካስቸገረዎ ቢሮዎን ዘግተው ጥቂት ጊዜ ይለማመዱት፤ መጀመሪያ ላይ አፍ ይተሳሰራል፤ ማንም አይሞትም። ከዚያ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴውን ክሱን እንዲያነሣ፣ ፊርዶስንም ከጓደኞቿ ጋር ለልምምድ እንዲመድባት ያዙልኝ። ሌሎቹንም ተማሪዎች ቢሆን አይርሷቸው፤ ምጥ የያዛት እናት ዘንድ መግለጫ ይዘው እንዲሄዱ አይተዋቸው።

እስከዚያው ድረስ ምስጋናዬ ብዙ ነው። የተማሪዎቹን ዓይን ከመማሪያው ስለጠበቁልን አመሰግናለሁ። ቃሊቲ ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ዕውቀት ያላቸው አዋላጆች የሚገኙበት ብቸኛ ኮሌጅ ስላደረጉን አመሰግናለሁ። አንዲት ልጅ ያላደረገችውን ነገር ሰፈሩ ሁሉ እንዲያውቅ፣ ያወቀችውን ነገር ደግሞ ማንም እንዳያውቅ ስለደከሙም እንዲሁ።

ከመልስዎ ይልቅ የስልክዎን ጥሪ በመጠባበቅ፣ ስብሰባዎ በሰላም እንዲያልቅ፣ ከመስኮትዎ ራቅ ብለው በበሩ የሚወጡበት ቀን እንዲቀርብ እየተመኘሁ፣ ከወንበሩ ክብር የተነሣ የሚገባዎትን አክብሮት ሳላጓድል የምሰናበት፣

ያለምወርቅ ሳህሌ
ጡረታ ላይ ያለች የሥነ ሕይወት መምህርት

ግልባጭ፦
ለአቶ ቀናው፤ ከልብ ከሆነ ሰላምታ ጋር፣ በረንዳዬ ለእርስዎም ክፍት መሆኑን እየገለጽኩ
ለግቢው ጥበቃ፤ ስለ ደግነቱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ልልክ ስዘጋጅ አቶ ረሻድ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ሱቁ አሁንም እንደተዘጋ ነው፤ ውስጥ ፊርዶስን አቁመዋታል። «ያቺ ኮሌጁን ያስቆጣችው መልስ ምን እንደምትል ልስማት፤ እርስዎም ስትሳሳት ያርሟት» አሉኝ። ፊርዶስ መሬት መሬቱን እያየች ጀመረች፤ እየቆየች ቀና አለች። ስለ ብልትም፣ ስለ ማኅፀንም፣ ስለ ወር አበባም፣ ምንም ሳታሳጥር እስከ መጨረሻው አለችው። እኔ የማርመው አላገኘሁም። አባቷ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ምኗ ነው ታዲያ ያስደነገጣቸው? ይህንማ ልጆች ሆነን መድረሳ ለሶላት ስለሚያነጻው ትጥበት ስንማር ኡስታዛችን በግልጽ ነግሮናል። ጠይቁ፣ ዲን ላይ ኀፍረት የለም ይለን ነበር» አሉ። ከዚያ ሻንጣዋን እንድትፈታ ነገሯት። እሳቸው አምነዋል፤ ቅዳሜ ዕለት ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ግን ገና አልሰማምና፣ የፊታችን ቅዳሜ ሱቁ ይከፈታል፤ ስልካቸውም ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ይጠብቅዎታል። አቶ ረሻድ ዲን ያሉት ሃይማኖታቸውን ነው። እኔ ግን፣ ክቡር ዲን፣ አባባሉ ለሌላም ይሠራ እንደሆነ መጠርጠር ጀምሬአለሁ።